እጅ ግን ነበረ

ባሕር ዳር፣ ፔዳ
ጥቅምት 8 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለአባቴ ታላቅ ወንድም፣ ለየኔታ ጥዑመ ልሳን፤ ዘጌ

የኔታ፣ ጉልበትዎን ስሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። እኔ ደኅና ነኝ። ደብዳቤዎን ቡና ይዞ ወደ ከተማ የመጣው ወልደ ሐዋርያት ሰጥቶኛል፤ ከነቅጠሉ የላኩልኝ ሎሚም ደርሷል። ክረምቱን ሙሉ ብቅ ሳልል መክረሜ ጥፋት ነው፣ ይቅር ይበሉኝ። ስልክ ቢይዙ ኖሮ በየሳምንቱ እየደወልሁ እጨቀጭቅዎ ነበር። ምናልባት የማይይዙትም ለዚሁ ይሆናል።

«ስታስተምሪ ኖረሽ አሁን ደግሞ ምን ልትማሪ ነው?» ላሉኝ መልሴ ይኸው። ከሰኞ እስከ ዓርብ እንደ ድሮው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አማርኛ አስተምራለሁ። ቅዳሜና እሑድ ግን አንድ የግል ኮሌጅ ገብቼ የሁለተኛ ዲግሪ እማራለሁ። ዘንድሮ የመመረቂያ ጥናት ጽፌ በፈታኞች ፊት መቅረብ አለብኝ። ርእሴንም መርጫለሁ፤ የሐይቁ ዳር ንግግር ነው። ንግግሩ በምን ብልሃት እንደተሠራ፣ ሰሚውን እንዴት እንደያዘው እመረምራለሁ።

ለቀባሪው አረዱት እንዳይሆንብኝ እንጂ ነገሩን ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል። የዛሬ ዐሥር ዓመት፣ የካቲት 16፣ ለኪዳነ ምሕረት በዓል ወደ እናንተ እንግዳ የጫነችው ጀልባ ተገልብጣ ከነባለ ጀልባው ዐሥራ አምስት ሰው ሞተ። በሦስተኛው ቀን በጊዜው ሹም የነበሩት አቶ ብሥራት ወደቡ ላይ ቆመው ተናገሩ። ንግግሩ ሩብ ሰዓት ይፈጃል፤ ዝነኛዋ ግን መካከል ላይ ያለችው ስምንት መስመር ናት፦

ሐይቁን አንወቅስም፥ አያት ቅድመ አያት ያሻገረ ባሕር፤
ነፋሱን አንወቅስም፥ መጥቶ የሚሄድ ሳያድር፤
ማዕበሉን አንወቅስም፥ ሲነሣ ሲወድቅ የሚኖር፤
ጀልባዋን አንወቅስም፥ ብረት አይመክር አይዘክር፤
ቀኑን አንወቅስም፥ የታቦት ቀን ነው የክብር፤
የሞቱትን አንወቅስም፥ አደራ ናቸው ለአፈር፤
እጅ ግን ነበረ፥ መሪውን ጨብጦ የሚያሽከረክር፤
የዚያን እጅ ነገር ለጌታ እንተው፥ እሱ ይመርምር።

ሚኒባስ ውስጥ ትሰማለች። ወደቡ አጠገብ በእምነ በረድ ተቀርጻለች። እኔ ራሴ አምስት ዓመት ሙሉ «ሕዝብን ማጽናናት እንዲህ ነው» እያልሁ ለተማሪዎቼ በቃል አስጠንቻታለሁ። እወዳታለሁ፤ የመረጥኋትም ስለምወዳት ነው።

አሁን ሁለት ነገር ልጠይቅዎ። ያን ቀን እርስዎ ወደቡ ላይ ነበሩ? ንግግሩንስ ማን እንዳዘጋጀላቸው ሰምተው ያውቃሉ?

ልጅዎ ወንጌላዊት ቢያዝን


ዘጌ
ጥቅምት 19 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለልጄ ለወንጌላዊት፤

የአባቶችሽ አምላክ ይጠብቅሽ። እኛ፣ ክብር ምስጋና ለእሱ ይሁንና፣ ደኅና ነን። ቡናው ዘንድሮ ዘግይቷል፤ ጦጣው ግን አልዘገየም። የቅኔ ተማሪዎቼ ሠላሳ ሁለት ደርሰዋል፤ ጎጆው ጠቦ ሁለት ሁለት እየሆኑ ያድራሉ። ዓይኔ ትንሽ ደክሟል፣ ጽሕፈቴ ቢወላገድ አትሣቂብኝ።

ነበርህ ወይ ላልሽው፣ ነበርሁ። ሰው ሁሉ ነበረ።

ማን አዘጋጀው ላልሽው፣ ሹም የተናገረውን ሹም ያውቃል።

ልጄ፣ ንግግር ሞልቷል። ሬዲዮ በከፈትሽ ቁጥር አንድ አለ። ከዚያ ሁሉ መርጠሽ የለቅሶ ቀን ቃል ላይ ሚዛን ማስቀመጥ ለምን አስፈለገ? የሟች ቤተሰብ ገና በሕይወት አለ፤ ቁስል በእንጨት አይነካካም። ሌላ ርእስ ፈልጊ። የዱሮ ነገሥታት የጻፉት ደብዳቤ ሞልቷል፣ እሱን ብትመረምሪ የሚቀየምሽ የለም።

አባትሽ ቢያዝን፣ ነፍሱን ይማርና፣ ነገር ከያዘ አይለቅም ነበር። እኔ ከእሱ የወረስሽው አፍንጫውን ብቻ መስሎኝ ነበር።

ስለ ሸጊቱ ለወልደ ሐዋርያት በቃል የላክሽውን ጥያቄ ሰምቻለሁ። የባለ ጀልባው የባምላክ ሚስት፣ አዎ፣ እዚሁ ዘጌ ናት። ጤና ናት። ሌላ የማውቀው የለኝም።

ማር ልኬልሻለሁ፣ የቆላ ነው። ለሳል ይሆንሻል።

ጥዑመ ልሳን


ፔዳ
ኅዳር 6 ቀን 2018 ዓ.ም.

የኔታ፣ እንደምን ሰንብተዋል?

ማሩ ደርሶኛል። ጉቦ ከሆነ ይጣፍጣል፣ ግን አልሠራም፤ ርእሴን አልቀየርሁም። ደግሞስ ሳል እንደሌለብኝ ያውቃሉ።

ምን አገኘሽ ቢሉኝ፣ ያገኘሁትን ልንገርዎ። ንግግሩን አንድ መቶ ጊዜ ያህል ሰማሁት። መጀመሪያ አለቀስሁ፤ ቀጥሎ አደነቅሁ፤ ከሠላሳኛው በኋላ መናደድ ጀመርሁ።

ስድስት ነገር በስሙ ተጠርቶ ስድስቱም በነጻ ይለቀቃል። ሐይቁ ነጻ፣ ነፋሱ ነጻ፣ ብረቱ ሳይቀር ነጻ። ሰሚው ስድስት ጊዜ «እውነት ነው» ብሎ ራሱን ሲነቀንቅ አንገቱ ይለምዳል። ሰባተኛው ላይ «እጅ ግን ነበረ» ሲሉት ያንንም ሳያስብ ይነቀንቅለታል። ስም መጥራት እንኳ አላስፈለገም። በዚያች ጀልባ መሪ የጨበጠው አንድ ሰው ነው፣ እሱም ሞቷል፣ መልስ አይሰጥም። ጀልባዋ ከልክ በላይ እንድትጭን የፈቀደ ሰው ነበር ወይ? በነፋስ ውጣ ያለውስ? ከሐይቅ እስከ ብረት የተቆጠረው ሁሉ ሲቆጠር ይህ ሰው አልተቆጠረም። መርሳት ነው እንዳልል፣ ይህን የሠራ ሰው የሚረሳ ሰው አይደለም።

ስምንተኛዋ መስመር ደግሞ ይቅርታ ትመስላለች። እኔም ለተማሪዎቼ ይቅርታ ናት ብዬ ነው ያስተማርሁት። ነገር ግን ለጌታ የተተወ ምርመራ በምድር አለቀ ማለት ነው። ጠይቄ ደረስሁበት፤ አጣሪ ኮሚቴ ሊቋቋም ተወስኖ ነበር፣ በንግግሩ ማግስት ቀረ። ሕዝቡም አልጠየቀም፤ ስለተጽናና።

ይህ ሁሉ በጥናቴ አራተኛው ምዕራፍ ነው። አማካሪዬ ዶክተር ሀብተ ሥላሴ እስካሁን ወዶታል።

አሁን ወደሚከብደኝ ልምጣ። የአቶ ብሥራትን ሌሎች ዐሥራ አንድ ንግግሮች ፈልጌ ሰማሁ። «ከዚህ አኳያ» የምትል ሐረግ አርባ ሦስት ጊዜ አለች፤ በሐይቁ ዳር ንግግር አንድም የለችም። ሰው ሲያዝን «ከዚህ አኳያ» ማለት ይተዋል ብዬ ልለፈው አልሁ፣ አልቻልሁም። ስምንቱ መስመር በአንድ ፊደል ይመታል፤ ስምንት ቤት እንደ መወድስ ቅኔ። ስድስቱ ሄደው ሄደው ሰባተኛው ላይ ይታጠፋሉ። ሹሞች እንዲህ አይጽፉም። እንዲህ የሚታጠፍ ነገር በልጅነቴ፣ ክረምት ክረምት፣ ከአንድ ጎጆ ደጃፍ ተቀምጬ ስሰማ ነው ያደግሁት።

የኔታ፣ ይህ የማን መንገድ ነው?

ወንጌላዊት


ዘጌ
ኅዳር 12 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለወንጌላዊት፤

ጤና ይስጥሽ። ጀልባው ሊነሣ ነው፣ አጭር እጽፋለሁ።

ያደግሽበትን ደጃፍ ለፈተና መጠቀሚያ ስታደርጊው አላፈርሽም? ስምንት መቁጠር ሕፃንም ይችላል። ስምንት የቆጠረ ሁሉ ባለቅኔ አይደለም፣ ስምንት ያገኘሽበት ሁሉም የእኔ ቤት አይደለም።

በዚህ ነገር ከእንግዲህ አትጻፊልኝ። ስለ ጤናሽ ጻፊልኝ።

ጥዑመ ልሳን


ፔዳ
ታኅሣሥ 10 ቀን 2018 ዓ.ም.

የኔታ፣

ጤናዬ ደኅና ነው። ይኸው ታዘዝሁ።

«ዘጌ ድረስ መጥታ ደጄን ሳትረግጥ ተመለሰች» ብለው ማዘንዎን ወልደ ሐዋርያት ነግሮኛል። እውነት ነው፣ መጥቻለሁ። ደጅዎንም ረግጫለሁ፣ አልገባሁም እንጂ። ተማሪዎቹ ቅኔ ሲቆጥሩ፣ እርስዎም ሲያርሙ ሰማሁ። አንዱ ልጅ መልካም መልካም ቃል ደርድሮ መጨረሻው ሲፈርስበት «እስክትታጠፍ አትቸኩል፣ ሰባተኛው ላይ ያዘው» አሉት። አጥሩን ይዤ ቆምሁ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይባላል፤ ገብቼ ጉልበትዎን ስሜ ስለ ቡና ስለ ጦጣ ማውራት አቃተኝ። ስላልገባሁ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ስለጠየቅሁት ጥያቄ ግን ይቅርታ አልጠይቅም።

የመጣሁት ሸጊቱ ዘንድ ነበር። በጥናቴ ላይ ስለ ባሏ ስጽፍ የእሷን ቃል ሳልሰማ መጻፍ ነውር መስሎ ታየኝ። ጤና ናት ብለውኝ ነበር። ምን ብለው እንደሚጠሯት ግን አልነገሩኝም።

«የእጁ ሚስት» ይሏታል የኔታ። ሰው ሁሉ፣ ልጆች ሳይቀሩ። ገበያ ላይ ጌሾ ስትሸጥ «ከእጁ ሚስት ገዛሁ» ይላሉ፤ ክፋት እንኳ የለበትም፣ ለምደውት ነው። በየዓመቱ የሙታኑ መታሰቢያ ሲደረግ የዐሥራ አራቱ ቤተሰብ ከፊት ይቀመጣል። እሷ ከዛፍ ሥር ቆማ ትመለሳለች፤ ቦታ የሚለቅላት የለም። እሷም ባሏን ቀብራለች እኮ!

የነገረችኝ ይህን ነው። ያን ቀን ለባምላክ ምሳ ይዛለት ወደቡ ላይ ነበረች። ባምላክ «ሞልታለች፣ ነፋሱም አልጣመኝም፣ ሁለት ጊዜ እመላለሳለሁ» አለ። ስልክ ተደወለለት፤ አቶ ብሥራት ነበሩ። እንግዶቻቸው ዘግይተዋል፣ ታቦቱ ሳይገባ መድረስ አለባቸው። ባምላክ ደጋግሞ «ጌታዬ አይሆንም» ሲል ሰማችው። ከዚያ ስልኩን ዘጋና «ሂድ አሉኝ» አላት። ይህን ለዐሥር ዓመት ለሰማትም ላልሰማትም ተናግራለች። ስምንቷ መስመር ግን ቀድማት ከሰው ጆሮ ደርሳ ነበር።

ምዕራፉን እንደ ጨረስሁ ለዶክተር ሀብተ ሥላሴ ሰጠሁት። በማግስቱ ጠርቶኝ በሩን ዘጋና «አራተኛውን አውጪው፣ ሦስቱ ይበቃሻል» አለኝ። አቶ ብሥራት ዛሬ የኮሌጃችን ቦርድ ሰብሳቢ ናቸው፤ ይህን ስጀምረው አላውቅም ነበር። ዶክተሩ ክፉ ሰው አይደለም። የሚያሳድጋቸው ልጆች አሉት።

አላወጣም አልሁት። ለእርስዎም የምለው ይህንኑ ነው። ያለ ዲግሪ ኖሬያለሁ፣ መኖር አውቅበታለሁ። ለአምስት ዓመት በገዛ አፌ ለልጆች «አጽናኝ ቃል» ብዬ ያስጠናሁት ነገር ሴትዮዋን ከሰው መካከል እንዳስወጣት እያወቅሁ ግን ሦስት ምዕራፍ ይዤ ቆብ አልደፋም።

ይቈጡኝ። ከፈለጉ አይጻፉልኝ። እኔ ግን መልስ እጠብቃለሁ።

ወንጌላዊት


ዘጌ
ጥር 2 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለልጄ ለወንጌላዊት፤

እንኳን ለብርሃነ ልደቱ አደረሰሽ። ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ ቀድጃለሁ፣ ስለዚህ ዘገየሁ።

እኔ ነኝ።

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ይባላልና ከሥሩ ልንገርሽ። በሁለተኛው ቀን፣ ገና ሬሳ ከውሃ ሲወጣ፣ ብሥራት ራሱ እኔ ዘንድ መጣ። ልጅ ሳለ ጥቂት ጊዜ እዚህ ዳዊት ደግሟል፣ አውቀዋለሁ። አለቀሰ። የውሸት ለቅሶ አልነበረም። «የኔታ፣ ነገ ሕዝብ ፊት እቆማለሁ፣ የምለው የለኝም» አለኝ። ቅኔ አልሞላለት ያለ ተማሪ ሲመጣ መምህሩ ይነግረዋል፤ ተማሪው በጉባኤ እንደ ራሱ አድርጎ ይለዋል። በእኛ ዘንድ ነውር አይደለም፣ ልማድ ነው። እሱንም እንደ አንድ ተማሪ አየሁትና ስምንት ቤት ቅኔ ዘረፍሁለት፤ የግዕዙን ልብስ አውልቄ አማርኛ አለበስሁት።

መጀመሪያ የሰጠሁት መጨረሻ ግን አንቺ የምታውቂው አይደለም። ሸጊቱ በዚያው ጧት መጥታ የስልኩን ነገር እያለቀሰች ነግራኝ ነበር። ስለዚህ እንዲህ ብዬ ነበር የዘጋሁት፦

ቃል ግን ነበረ፥ «ሂድ» ብሎ የላከ ከወንበር፤
የዚያን ቃል ነገር ሸንጎ ተቀምጦ ይመርምር።

ወጥቶ ራሱ ይናዘዛል፣ ነፍሱም ታርፋለች ብዬ ነበር። አነበበው። «ይህን ብናገር እዚያው ወደቡ ላይ ደም ይፈሳል። ቢሮ ይቃጠላል፣ ወታደር ይተኩሳል። ያ ደም በእርስዎ ራስ ላይ ነው» አለኝ። ለሰላም ብዬ ነው ብዬ ዐሥር ዓመት ለራሴ ነግሬያለሁ። ለአንቺ ግን እውነቱን ልንገርሽ፣ ፈርቼም ነበር። ተማሪዎቹ ይበተኑብኛል፣ ጎጆዎቹ ይፈርሱብኛል ብዬ ፈራሁ። ቆሜ ሁለቱን ቤት ቀየርኋቸው። ሰዓት እንኳ አልፈጀብኝም። ባምላክ ሞቷል፣ ምን ይጎዳዋል አልሁ። ሸጊቱን ሚስቱ መሆኗን እያወቅሁ አላሰብኋትም።

ሌላም ስሕተት አለብኝ፣ ይህንን ከከተሜ ሰው ማንም አይረዳልኝም። በእኛ ቤት ቅኔ አንድ ጊዜ ነው። ይዘረፋል፣ ይባላል፣ እዚያው ይቀራል፤ ትናንት ያለውን ዛሬ የደገመ ይሣቅበታል። እኔም ወደቡ ላይ ተብላ ከለቅሶው ጋር ትቀራለች አልሁ። እዚያ ቆሜ ሰው ሁሉ ስልኩን ወደ ላይ ከፍ አድርጎ ሲይዝ አይቻለሁ። ፀሐይ የሚከልሉ መስሎኝ ነበር። ከወር በኋላ አንድ ተማሪዬ ከከተማ መጥቶ «የኔታ፣ በየሚኒባሱ የምትባል ግሩም ቅኔ ሰማሁ» ብሎ የገዛ ቃሌን ነገረኝ።

በጉባኤ ጉድለት የተገኘበት ቅኔ እዚያው ጉባኤ ላይ ይታረማል። ይህን ሺህ ጊዜ አስተምሬያለሁ። የራሴን አላረምሁም። በድንጋይ ስትቀረጽም ዝም አልሁ፤ አንቺ ለተማሪዎችሽ ስታስጠኚም ሰምቼ ዝም አልሁ። ኅዳር ላይ የሰደብሁሽም ስላገኘሽኝ ነው። ይቅርታ አድርጊልኝ።

አጎትሽ ጥዑመ ልሳን


ፔዳ
ጥር 15 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለየኔታ፤

እንኳን ለጥምቀቱ አደረሰዎ። ጤናዎ እንዴት ነው? ዓይንዎስ?

በወልደ ሐዋርያት አፍ «ተጣላን ወይ?» ብለው ልከውብኛል። አልተጣላንም። ግን ተናድጃለሁ የኔታ። ደብዳቤዎን አንብቤ ሁለት ቀን ምግብ አልበላሁም። አባቴ ሲሞት የመጣልኝ ሰው፣ ፊደል ያስቈጠረኝ ሰው ይህን አደረገ ብዬ አለቀስሁ። ይቅርታውን ከእኔ ጠይቀዋል። እኔ የምሰጠው ይቅርታ የለኝም፤ እኔን አልበደሉኝም። የበደሏት ሴት ከደጅዎ የሩብ ሰዓት መንገድ ላይ ናት።

በጥናቱ በኩል ያለውን ልንገርዎ። ዶክተር ሀብተ ሥላሴ ሦስት ጊዜ ለመነኝ፣ ሦስት ጊዜ እምቢ አልሁት። በመጨረሻ «በራስሽ ኃላፊነት» ብሎ ፈረመልኝ፤ ያም ለእሱ ቀላል አልነበረም። ቀኑ ተቈርጧል፤ ረቡዕ የካቲት 25፣ ጧት ሦስት ሰዓት። አቶ ብሥራት እንደሚገኙ ልከዋል። ተማሪ ሲፈተን የቦርድ ሰብሳቢ መጥቶ አያውቅም። ሬጅስትራሯ በአዘኔታ ዓይን አይታኝ «ሦስቱን ምዕራፍ ብቻ አንብበሽ ውረጂ» አለችኝ። ማስፈራሪያ መሆኑ ገብቶኛል። ይምጡ። ከመድረክ ሆነው የተናገሩትን እስካሁን ተቀምጠን ሰምተናል፤ አንድ ቀን ደግሞ እሳቸው ተቀምጠው ይስሙ።

አንድ ጉድለት ግን አለብኝ፣ እሱንም ዶክተሩ በትክክል ነው ያነሣው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት መስመሮች ለፈታኞች ሳቀርብ «ከማን አገኘሽው?» ይሉኛል። «ስሙን የማልጠቅሰው አንድ መምህር» ብል ይሥቁብኛል፣ ልክም ናቸው። ስም የሌለው ምስክር ወሬ ነው። ሸጊቱ ስሟን ሰጥታኛለች፤ «ጻፊው፣ ከዚህ በላይ ምን ይሉኛል?» ነው ያለችኝ።

ስምዎን ልጻፍ? ብጽፈው ምን እንደሚመጣብዎ አላውቅም። ባልጽፈው ግን ምዕራፉ ይወድቃል፤ ባምላክም በእምነ በረዱ ላይ እንደ ተወቀሰ ይኖራል። በግድ አልጠይቅዎም። ለምኜም አልጠይቅዎም።

ወንጌላዊት


ዘጌ
የካቲት 17 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለልጄ ለወንጌላዊት ቢያዝን፤

ሰላም ለአንቺ ይሁን። ሱባኤ ይዤ ስለነበር አልጻፍሁልሽም እንጂ ጥያቄሽን ረስቼው አይደለም። ዓይኔ እንደ ሆነው ሆኗል፤ ይህን የሚጽፈው ተማሪዬ መርስዔ ኀዘን ነው፣ ቃሉ ግን የእኔ ነው።

ስሜን ጻፊ። የቅኔ መምህር ጥዑመ ልሳን ብለሽ፣ ዘጌ ብለሽ ጻፊ። መጀመሪያ እውነቱን እንደ ዘረፈ፣ ቀጥሎ ፈርቶ እንደ ለወጠ፣ ሁለቱንም ጻፊ። አንዱን ብቻ ብትጽፊ አልቀበልሽም።

ሸጊቱ ዘንድ ሄድሁ። ደጇ ላይ ቆሜ ሁሉንም ነገርኋት፣ ይቅርታም ለመንኋት። ግቡ አላለችኝም። ጌሾዋን ማስጣት ሳትተው ሰማችኝና ስጨርስ «የዱሮውን ይበሉት» አለችኝ። ቃል ግን ነበረ ብዬ ሁለቱን ቤት አልሁላት። «ድገሙት» አለችኝ። ልጄ፣ ስድሳ ዓመት በቅኔ ስኖር ድገም ያለኝ ሰው አልነበረም። ደገምሁላት። «ለእኔማ ምን ያደርግልኛል፣ እኔ ድሮም አውቀዋለሁ። ለእነሱ ይንገሩ» ብላኝ ወደ ቤቷ ገባች። ይቅር አላለችኝም። እኔም በዚያ ደጅ ላይ ለሁለተኛ ጊዜ ይቅርታ አልለመንሁም፤ ሌላ ሥራ ነው የሰጠችኝ።

ትናንት ለበዓሉና ለሙታኑ መታሰቢያ የመጣው ሕዝብ ከቅዳሴ ወጥቶ ሳይበተን ቆምሁና «የዛሬ ዐሥር ዓመት የሰጠሁት ቅኔ ጎዶሎ ነው፣ ላርመው ነው» ብዬ አረምሁት። የቤተ ክርስቲያኑ አለቃ ልብሴን ጎተተ። አንድ ከከተማ የመጣ ባለ ከረባት ጠጋ ብሎ «አባቴ፣ አርጅተዋል፣ ይረፉ» አለኝ። ለማረፍ መቃብር አለልኝ አልሁት። ከሟቾቹ የአንዱ እናት ሸዋዬ፣ በየዓመቱ ከፊት የምትቀመጠው፣ ተነሥታ ወደ ዛፉ ሄዳ ሸጊቱ አጠገብ ቆመች። ከዚያ በኋላ የሆነውን ዓይኔ አላሳየኝም፤ መርስዔ ኀዘን ግን ብዙ ሰው ቆመ ይላል።

ዛሬ ጧት የመምህርነት ወንበሬን እንድለቅ የሚል ወረቀት ከአለቃው ደርሶኛል። እስከ ፋሲካ ጊዜ ሰጥተውኛል። አትደንግጪ፣ እኔም አልደነገጥሁም። ያን ጊዜ ይበተኑብኛል ብዬ የፈራሁላቸው ተማሪዎች ወረቀቱ ሲነበብ ሰምተው አንድም ጓዙን አላነሣም። የታረመውንም ስምንት ቤት በቃላቸው ይዘዋል። «አንድ ጊዜ ብላችሁ የምትተዋት አይደለችም፣ በየሄዳችሁበት በሏት» ብያቸዋለሁ። ፋሲካ ሲሆን ወደየአገራቸው ይሄዳሉ፤ ወሎም አለ፣ ሸዋም አለ፣ ላስታም አለ።

ረቡዕ እንመጣለን። የመጀመሪያው ጀልባ የእኛ ነው፤ ወልደ ሐዋርያት ከባለ ጀልባው ጋር ተነጋግሯል፤ እንዳትሞላ ብለን በሁለት ጊዜ እንሻገራለን። ከማን አገኘሽው ሲሉሽ ዞር ብለሽ ታሳያቸዋለሽ። ብሥራትም ይኑር፤ እሱ ሳይኖር ባርመው እርማቱ አይሞላም ነበር። ከእኔ ጋር ሠላሳ ሦስት እንሆናለን፤ አዳራሹ ጠባብ ከሆነ አትጨነቂ፣ ቆሞ ማደር የለመድነው ነው፤ መቋሚያችንን ይዘን ግድግዳውን ታከን እንቆማለን።

ለሸጊቱ ግን ወንበር ያዢላት። ከፊት።

ጥዑመ ልሳን